የመላጫው ቀይ ነጥብ

እታለም ተፈታትቶ ያልታጠበ ዕቃ ታጥቧል ብላ አታምንም። ይህን የምለው ታላቅ እህቴን ለመቦጨቅ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የቀዶ ጥገና ዕቃ ማጠቢያ ክፍል ሠርታ በጡረታ የወጣች ሴት ከዚህ ሌላ ልትሆን አትችልም። መቀስ ከሆነ መሃሉ ላይ ያለችው ብሎን ትወጣለች፤ መቆንጠጫ ከሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ ጥርሱ አንድ በአንድ በብሩሽ ይፈተጋል፤ ከዚያ መብራት ስር ተገላብጦ ይታያል። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀይ ነጥብ ከታየች ሥራው ሁሉ እንደገና ከሀ ይጀመራል። አዲስ ለሚቀጠሩት፣ "ብረት ላይ ያለ ቀይ ነገር ደም ነው" ትላቸው ነበር። "ዝገት ነው፣ ቀለም ነው እያላችሁ እንዳትከራከሩኝ። ደም ነው፤ አለቀ።"

ቤቷም ያው ነው። የሻይ ማፍያው እጀታ ተፈትቶ ይታጠባል፤ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ተነቅሎ የሚጸዳበት ቀን አለው። እናታችን ከሞተች በኋላ በእሷ እጅ ስላደግሁ ነገሩን በራሴ አውቀዋለሁ። ጆሮዬን ነቅላ ያላጠበችው ስላቃታት ብቻ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ እጇ የማይደርስበት ዕቃ አንድ ብቻ ነበር፤ የባሏ መላጫ።

ባሏን ጋሼ ነው የምለው። ሰዓት ሠሪ ነበር። ከእኔ ጋር ዓይንና ናጫ ነበርን፤ እኔ ከአፌ ወሬ አይጠፋም፣ እሱ ደግሞ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ አበዛ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እያወራሁ ስለምሰፋ፣ "የዚህችን ልጅ ምላስ ዘይት የሚቀባላት ማነው?" ይል ነበር ለእህቴ፤ ይኸው ነበር ረጅሙ ቀልዱ። ጢሙ አድሮ አያውቅም። በዓል ይሁን ሕመም፣ ሰው ይምጣ አይምጣ፣ በየጠዋቱ መስኮቱ ስር ቆሞ ይላጫል። አገጩ ሁልጊዜ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር።

መላጫው እንደ ዛሬው ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ አይደለም። ከባድ ብረት ነው፤ በጎረምሳነቱ ተሰብሮ አግኝቶት ራሱ ጠግኖታል። አንገቱ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለው። ቀለበቱን ሲያዞሩት በምላጩና ከስሩ ባለው የብረት ከንፈር መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል ወይ ይጠባል። አንድ ላይ ምላጩ ቆዳውን ዳስሶ ያልፋል፤ አምስት ላይ ግን ጢሙን ከነቆዳው ካልወሰድሁ ይላል። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ላይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈቶ ያጸዳዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ በክፍተቱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ቀለበቱን ሁለት ላይ ያቆማል፣ ያስቀምጠዋል። እታለም ከበሩ ላይ ሆና፣ "እኔ ባጥብልህ በደንብ ይጸዳ ነበር" ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ።

አሁን የምናገረውን ያን ጊዜ አናውቅም ነበር። የዚያ መላጫ ክዳን በሁለት በኩል ይገባል። በአንዱ በኩል ከገባ ቁጥሩ እውነቱን ይናገራል፤ ዞሮ ከገባ ግን ቀለበቱ ሁለት እያለ ክፍተቱ የአራት ነው። የፋብሪካው ምልክት ከዕድሜ ብዛት ጠፍቷል። ስለዚህ ጋሼ አንዲት ቀይ ነጥብ ክዳኑ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ደግሞ አንገቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሁለቱ ነጥቦች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ልክ ነው። ነጥቡን የሠራው በሴቶች የጥፍር ቀለም ነው። ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ካልጠየቁት የማይናገር፣ ቢጠይቁትም የማይቸኩል ሰው ነበር።

ያ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን እየበላ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና አፉ ግን አልተመለሱም። ከዚያ ሁሉ ቋንቋ የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች፤ "አይደለም"። ውሃ ሲፈልግ አይደለም፤ ውሃው ሲመጣለት አይደለም እያለ ይጠጣል፤ ሲያመው አይደለም፤ ደስ ሲለውም አይደለም። ሐኪሙ እታለምን እያሳየ፣ "ይህች ባለቤትህ ናት?" ቢለው ዓይን ዓይኗን እያየ፣ "አይደለም" አለ። እታለም መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች፤ ቆይታ ደግሞ ሳቁ ወደ ሌላ ዞረና ከክፍሉ ወጣች።

ቤት ሲመለስ ጢሙ የሦስት ሳምንት ነበር። ፊቱን በግራ እጁ እየዳሰሰ ሲጨነቅ ታየዋለች። ስለዚህ እሷ ልትላጨው ወሰነች። የተከለከለው መላጫ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ገባ። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ የሆነውን ሁሉ ዓይኔ እያየ ነው የሆነው። ፈታችው። ብሎኑን፣ ክዳኑን፣ ቀለበቱን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደረች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ከዚያ ቀዩን ነጥብ አየችው።

"ነይ እስኪ እይ!" አለችኝ። "የስንት ዓመት ደም ነው ይሄ!"

"ጋሼ ነው እንዲህ የሚኮራብን?" አልሁ እኔ እየሳቅሁ።

በብሩሽ አልለቅ አላት፤ በአልኮል አልለቅ አላት። በመርፌ ጫፍ ፍቅፍቅ አድርጋ፣ ሁለቱንም አንድ ሳታስቀር አነሳቻቸው። ብረቱ አበራ። እኔ ቀላል ሰው ነኝና አጨበጨብሁላት። ከዚያ እንደመጣላት ክዳኑን ገጠመች፤ ሁልጊዜ እንደምታየው ቀለበቱን ሁለት ላይ አቆመች፤ የጋሼን ፊት በሙቅ ፎጣ አለሰለሰች፤ አረፋውን ቀባችው።

በመጀመሪያው ላይ መንጋጋው ስር ቆረጠችው። እጇ ደነገጠ መሰለኝ፣ ሁለተኛውን አገጩ ላይ ደገመችው። ደም የሚያቀጥን ኪኒን ስለሚወስድ ደሙ አልቆም አለ። አረፋው ቀላ፤ ፎጣው ቀላ። ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ደም ስታጥብ የኖረች ሴት ጎዙን፣ የቁስል ጨርቁን፣ አነሳች። ተጭና ይዛው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየች። ጋሼ ግን ስለ ቁስሉ ግድ አላለውም። በግራ እጁ መላጫውን ከሳህኑ አነሳና ክዳኑን በአውራ ጣቱ እየነካ፣ "አይደለም! አይደለም!" ይላል። ራሱን እንዳይቆርጥ ፈርታ ነጠቀችው።

"እጄ ነው" አለች። "እጄ ከብዶ ነው። እጄ ነው አይደል?"

"አይደለም" አላት።

ያቺን ቃል ለሁሉም ነገር ስለሚላት ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርናትም።

ከዚያ በኋላ አገጩን ነፈጋት። መላጫውንም ፎጣውንም ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። በሌላው ነገር ሁሉ ግን ይታዘዝላታል፤ ስታበላው ይበላል፣ ስታለብሰው ይለብሳል፣ ስትደግፈው ይነሳል። አንድ ቀን ደግሞ እጇን ያዘና ጥፍሯን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ቀጥሎ የገዛ አገጩን መታ መታ አደረገ። እታለም ገባኝ አለች። ጥፍሬ እየቧጠጠው ነው ብላ ሁሉንም እስከ ሥጋው ድረስ ቆረጠችው። በማግስቱ እጇን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ደግሞ፣ እጄ መድኃኒት መድኃኒት ይሸተዋል ማለት ነው ብላ የላስቲክ ጓንት አድርጋ ቀረበችው። ጓንቱን ከእጇ ላይ ለማውለቅ በዚያች አንድ ጤነኛ እጁ ታገለ። እሱ ስለ ቀለም ነበር የሚነግራት። ጥፍርሽ ላይ የሚቀባው፣ ቀዩ፣ ያነሳሽው ማለቱ ነበር። ቃል ያጣ ሰው ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይናገር?

ጸጉር አስተካካይ አመጣሁለት፤ ጥርሱን ነክሶ አንገቱን ቀበረ። ሰውየው መሣሪያውን ሳይፈታ ሄደ። የፕላስቲክ መላጫ ገዛሁለት፤ ከእጄ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ሾርባው ውስጥ ከተተው። አሁን ሳስበው ይገባኛል። የተበላሸ ነገር ፊቱ ተቀምጦ ሌላ መግዛት ለእሱ ስድብ ነበር። ደግሞም በፕላስቲኩ ተላጭቶ ቢሆን ኖሮ እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥፋቱ የእጇ እንደሆነ ይዛ ትኖር ነበር። እሱ ይህን አልፈለገም መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ማንም አልነገረኝም።

ጢሙ ነጭ ሆኖ ደረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ፣ "ወይ ሰው! እንዲህ ይሁን?" ይላል። እያንዳንዱ ከንፈር መምጠጥ እታለም ላይ ነበር የሚያርፈው። ቅስሟ ተሰበረ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ልብስ እያጣጠፍን፣ "ሠላሳ አንድ ዓመት የማላውቀው ሰው ሁሉ የእኔን እጅ አምኖ ሆዱን አስከፍቷል" አለችኝ። "ባሌ አገጩን አላምንሽም አለኝ።"

እኔ ማጽናናት አላውቅበትም። ሲከፋኝ እቆጣለሁ፤ አፈጣጠሬ ነው። "ጢም አይደል እንዴ!" አልኋት። "ይብቀላ! አንቺ ደግሞ ካልታጠበና ካልተላጨ ሰው ሰው አይመስልሽም። በሽተኛ ነው፤ ለምን አትተይውም?"

"ምን አለብሽ አንቺ" አለች ቀና ሳትል። "መቀስሽ የሚቆርጠው ጨርቅ ነው። ጨርቅ አይደማም።"

በሩን አላትሜ ወጣሁ። ኩርፊያ የያዝሁት ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው።

አርብ ዕለት ወደ ጋሼ ሱቅ ሄድሁ። ከእንግዲህ ሥራ እንደማይመለስ ስለታወቀ ዕቃውን መሰብሰብ ነበረብኝ። ሱቁን የሚጋሩት አንድ መነጽር ሠሪ ሽማግሌ አሉ። ከጠረጴዛው መሳቢያ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው፣ "ይቺን እንዳትረሺ፤ ያለሷ ሥራ አይሠራም" አሉኝ። ቀይ የጥፍር ቀለም ነው። ለጋሼ ምን ያደርግለታል ብዬ ሳቅሁ።

"ማንኛውንም ዕቃ ከመፍታቱ በፊት ምልክት ያደርግበታል" አሉኝ። "አንዲት ነጥብ እዚህ፣ አንዲት ነጥብ እዚያ። ሲገጥመው ነጥብ ለነጥብ ያገናኛል። ቀለሙ ሲደርቅ በጠብታ አሴቶን፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ያርሰዋል። ከባለቤቴ ነው ያገኘሁት ይላል፤ አንድ ቀን ሰርግ ላይ ተቀብታው፣ ሥራ ቦታ ክልክል ነው ብላ ልትጥለው ስትል ነው የተቀበላት።" ከዚያ የራሳቸውን አገጭ እያሻሹ ጨመሩ፤ "የእኔንም መላጫ እንደራሱ አድርጎ ነው ነጥብ ያደረገልኝ። ነጥቡ ካልገጠመ ቁጥሩ ውሸቱን ነው፤ ያርድሃል ብሎ ነገረኝ።"

ሰርጉ የእኔ ነበር። ቀለሙንም የቀባኋት እኔ ነኝ። ያጨበጨብሁትም እኔ ነኝ።

አንድ ሰው በዚያች ደቂቃ ምን ያደርጋል? ስልክ ያነሳል። "እታለም፣ እጅሽ አይደለም፤ ነጥቡ ነው" ይላል፣ አለቀ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እኔ ግን አኩርፌያለሁ። እሷ ትደውል አልሁ። እሁድ ምሳ ላይ ጠርሙሱን ይዤ ድንገት ገብቼ ነገሩን ስነግራት የምታደርገውን ሁኔታ እያሰብሁ ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን የሰው ቀሚስ ስሰፋ ዋልሁ።

እሁድ ጠዋት ደወለች። "ነይ" አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሻይ ይዛለት ስትገባ ነው ዐርፎ ያገኘችው።

ስደርስ ጋሼ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። እሷ አጥባዋለች። ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳዋለች፤ የቀረው ጢሙ ብቻ ነው። አጠገቧ ፎጣ፣ ሙቅ ውሃ፣ መቀስና መላጫው ተደርድረዋል። ዓይኗ ደርቋል።

"ሰው ከመምጣቱ በፊት ልላጨው ነው" አለችኝ። "እንዲህ ሆኖ አይሄድም። ቢጠላኝም ይጥላኝ።"

ያን ጊዜ ነገርኋት። ቆሜ፣ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ የክዳኑን ነገር፣ የቁጥሩን ነገር፣ የነጥቡን ነገር ሁሉ። ጥፍርሽን የነካው ለዚህ ነው አልኋት። ስጨርስ ጠርሙሱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ማን ነገረሽ?"

"መነጽር ሠሪው።"

"መቼ?"

መዋሸት እችል ነበር። "አርብ" አልኋት።

ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና እስከ ሥጋው የተቆረጡ ጥፍሮቿን አየች። "እጄ ነው ወይ ብዬው ነበር" አለች። "አይደለም ብሎኝ ነበር። ስትሰሚ አልነበረም?"

"ሰምቻለሁ" አልሁ።

ከዚያ ተነስታ ሥራዋን ጀመረች። መላጫውን ፈታችው፤ አዲስ ምላጭ አስገባች፤ ክዳኑን በአንድ በኩል ገጠመች፤ ቀለበቱን ሁለት ላይ አቆመች። የግራ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን በሳሙና ቀባችና ሳበችው። ወዲያው ደማ። ያን ቀን ጋሼን የቆረጠው ይኸው ነበር። ደሙን አልጠረገችውም። ክዳኑን አውጥታ አዞረችው፤ እንደገና ገጠመች፤ ወደ መስኮቱ አንስታ በክፍተቱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን አየች፤ ቀለበቱን ሁለት ላይ አቆመች። ከመጀመሪያው ቁስል ትንሽ ዝቅ ብላ ሳበችው። ጸጉሩ ሄደ፤ ቆዳው ደህና ነው። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ደገመችው። ከዚያ በጠርሙሱ ብሩሽ ሁለት ነጥብ አደረገች፤ አንዱን ክዳኑ ላይ፣ አንዱን አንገቱ ላይ፤ እስኪደርቅም በአፏ እፍ አለችበት።

መጀመሪያ ጢሙን በመቀስ አሳጠረችው። ቀጥላ በሙቁ ፎጣ ፊቱን ሸፈነች፤ ለሕያው ሰው እንደሚደረገው ውሃው እንዳያቃጥለው በክርኗ ለክታ። እኔ ጭንቅላቱን ያዝሁላት። ጉንጩን፣ የላይ ከንፈሩን፣ አንገቱን ወረደች፤ በመጨረሻ መንጋጋው ስር፣ ያን ቀን የቆረጠችው ቦታ ላይ ደረሰችና ትንፋሿን ይዛ አለፈችው። ፊቱ ወጣ። ከስቷል እንጂ ያው ጋሼ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

እታለም አረፋውን ጠርጋ ጎንበስ አለችና ፊቱን በመስኮቱ ብርሃን ግራና ቀኝ መረመረችው።

"ቆረጥሁት?" አለችኝ።

"ኧረ ምንም አልቆረጥሽውም፣ እታለም።"

"በምን አወቅሽ?" አለች። "ከእንግዲህ ቢቆረጥም አይደማም።"

መነጽሯን አወለቀችና ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጫፍ ከጆሮው ስር ጀምራ ትዳስሰው ጀመር፤ ጉንጩን፣ አገጩን፣ አንገቱን፣ እንደገና ከጆሮው ስር። ለቀስተኛው መጥቶ በሩ እስኪንኳኳ ድረስ አላቆመችም።